ከሐኪም ጋራ ተራራ ሥር፣ ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት፦ የፎቶ ሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 2016፣ 1ኛ ሳምንት

ሐሳቡ ቀላል ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት ከሐረር ወጥቼ ወደ ሐኪም ጋራ ግርጌ በእግሬ እሄዳለሁ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ቆሜ ያንኑ ፎቶ አነሳለሁ፣ ማሽላው ከሚበቅልበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚታጨድ። ሁሉም ሰው በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ከተማ፣ ጁገልን ያነሳል። በሮቹን፣ ቀለም የተቀቡትን ግድግዳዎች፣ ማታ ጅብ ሲበላ። እኔም አንስቻለሁ። ከግንቡ ግማሽ ሰዓት ርቆ ያለውን ማሳ ግን ሳምንት ከሳምንት ተከታትሎ ያነሳ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዕቃዎቼ፦ ያገለገለ ካኖን ከ18-55 ሌንስ ጋር፣ አምና በ28,000 ብር የገዛሁት። ከጓደኛዬ የተዋስኩት ትራይፖድ፣ አንዱ እግሩ አልቆልፍ ስለሚል በላስቲክ ታስሯል። አንድ 32 ጂቢ ካርድ፣ አንድ ባትሪ። ለባጃጅ ኮንትራት ደርሶ መልስ 120 ብር ከፈልኩ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከቤት በእግር ነው፣ መንገዱም የሥራው ክፍል ነው።

ስድስት ቦታ መረጥኩ። ሁሉንም አነሳሁ። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

2ኛ እና 3ኛ ሳምንት

ስድስት ቦታ አይቻልም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጥሩው ብርሃን አንድ ሰዓትም አይቆይም። አራተኛው ቦታ ስደርስ ጥላው አጥሯል፣ አፈሩ ነጥቷል። ሦስት ብቻ ያዝኩ። ቁጥር 1 ትልቋ ሾላ። ቁጥር 2 የእርከኑ ጫፍ፣ ከፊት የማሽላ ማሳ፣ መሀል ላይ አንድ ዋንዛ፣ ከኋላ ራቅ ብሎ ጁገልና የጃሚዕ መስጊድ ሚናሬቶች። ቁጥር 3 ጎርፍ የበላው ቦረቦር።

ትልቁ ስህተት የታየኝ ቤት ገብቼ የሦስቱን ሳምንት የቁጥር 2 ፎቶዎች ላፕቶፕ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ሳነባብራቸው ነው። አይገጥሙም። በአንዱ ሚናሬቱ ከዋንዛው ግንድ በስተቀኝ ነው፣ በሌላው ከግንዱ ጀርባ ተደብቋል፣ በሦስተኛው በግራ ወጥቷል። እኔ እኮ ያው ቦታ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። ሁለት እርምጃ ነው የሳትኩት። ዙሙም በየሳምንቱ ይለያያል፣ የትራይፖዱም ቁመት እንዲሁ።

ያደረግኩት፦ ዙሙን 35 ላይ አድርጌ ቀለበቱን በቁስል ፕላስተር አሰርኩት። የትራይፖዱን እግሮች በማርከር ምልክት አደረግኩባቸው። የቆምኩበት ቦታ ላይ ደግሞ አምስት ድንጋይ ከመርኩ።

4ኛ ሳምንት

ድንጋዮቹ የሉም። ትንሽ ፈልጌ አገኘኋቸው። እርከኑ አንድ ቦታ ላይ ተንዶ ነበር፣ ባለ ማሳው ጠግኖታል፣ የእኔ ድንጋዮች ግድግዳው ውስጥ ገብተዋል። ልክ ነው፣ እዚህ አገር የተከመረ ድንጋይ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም።

ሰኔ፣ 5ኛ ሳምንት

ድንጋይ የማይፈልግ ዘዴ አገኘሁ፣ ከዚህ በኋላ የምሠራው በዚህ ነው። ቅርብ ያለ ነገርና ሩቅ ያለ ነገር ታመሳክራለህ። የእኔ ቅርብ የዋንዛው ግንድ ነው፣ ሩቁ ሚናሬቱ። ወደ ግራ ስትሄድ ሚናሬቱ ከግንዱ አንጻር ወደ ግራ ይሸሻል፣ ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ቀኝ። ከግንዱ ጋር ልክ እንደ መጀመሪያው ፎቶ እስኪሆን ትንቀሳቀሳለህ። ወደፊትና ወደኋላውን ለመለካት ደግሞ ሌላ ጥንድ ያስፈልጋል። የእርከኑ ጠርዝና ከጎን ያለው የጫት ማሳ ጥግ አገለገሉኝ።

ይህ እንዲሠራ የ1ኛውን ሳምንት ፎቶ አሳትሜ ይዤ መሄድ ነበረብኝ። 10×15፣ 25 ብር። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመሮች አሰመርኩበት፣ የካሜራው ስክሪን (ላይቭ ቪው) ላይ ከሚታየው ፍርግርግ ጋር እንዲገጥም። ፕላስቲክ ውስጥ አስገብቼ ኪሴ ውስጥ። አሁን ቦታዬን ለማግኘት ሦስት ደቂቃ ይበቃኛል፣ ልዩነቱም ከአንድ ጫማ አይበልጥም።

ኋይት ባላንሱን (ካሜራው ቀለም የሚያመዛዝንበትን) ከኦቶ አውጥቼ ዴይላይት፣ ማለትም የቀን ብርሃን ላይ አደረግኩት። ኦቶ ላይ እያለ አፈሩ አንድ ሳምንት ቀይ፣ አንድ ሳምንት ቡናማ፣ አንድ ሳምንት ወይን ጠጅ ሆኖ ነበር። ብዙ ሳምንት በሚፈጅ ሥራ ቀለሙ ካልተቆለፈ ማወዳደር አይቻልም። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሻተር ስፒዱን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ብቻ የብርሃኑን መጠን በሚያሳየው ግራፍ፣ በሂስቶግራሙ እያየሁ እቀይራለሁ። ፋይሉ ሮ፣ ማለትም ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል።

6ኛ እና 7ኛ ሳምንት

ፀሐይዋ እያስቸገረችኝ ነው። ወደ ሰሜን ዞሬ ነው የማነሳው፣ ስለዚህ ጠዋት ብርሃን ከቀኝ ጎኔ ይመጣል ብዬ ነበር። በሰኔ ግን ከቀኝ ከፊት ለፊት ነው የምትመጣው፣ ሌንሱ ውስጥ ትገባና ፎቶውን ታጥበዋለች። ምክንያቱን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ ታልፍና ወደ ሰሜን ትሻገራለች፣ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ እዚያው ናት። ሰኔ መሀል ላይ የምትወጣው ከትክክለኛው ምሥራቅ ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ሰሜን ሸሽታ ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ። ማለትም ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት ብቆምም ብርሃኑ በስድስት ወር ውስጥ ከፊቴ ወደ ኋላዬ ይዞራል። የመውጫዋ ሰዓትም ራሱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ «ያው ሰዓት» የሚለውን በሰዓት መቁጠር ተውኩ፣ ፀሐይ ከወጣች ከ30 ደቂቃ በኋላ ብዬ ያዝኩት።

ለጊዜው መፍትሔው ባርኔጣዬ ነው። በግራ እጄ ሌንሱ ጎን ላይ ጥላ አደርግበታለሁ፣ ጠርዙ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ እያየሁ።

8ኛ ሳምንት

ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥቦች። ሰባት ናቸው፣ በየፎቶው እዚያው ቦታ፣ ስለዚህ ወፍ አይደሉም። ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ላይ አቧራ ገብቷል። አቧራውን በደንብ ለማየት አፐርቸሩን 16 ላይ ወይም ከዚያ በላይ አድርጎ ባዶ ሰማይ ማንሳት ነው። ሰባት ያልኩት አሥራ አንድ ሆነ።

መጀመሪያ ያደረግኩትን ማንም እንዳያደርግ፦ በአፌ እፍ አልኩበት። ምራቅ ረጨሁበት። አሁን አሥራ ሁለተኛ ነጥብ አለ፣ ከሁሉም ትልቁ።

ቀጥሎ መድኃኒት ቤት ሄጄ የሕፃን አፍንጫ መምጠጫዋን ጎማ በ80 ብር ገዛሁ። ከመጠቀሜ በፊት ጥቁር ጨርቅ ላይ ነፋኋት፣ ነጭ ዱቄት ረጨች። ውስጧ ዱቄት አለ! በለብ ያለ ውሃ አጠብኳት፣ ሁለት ቀን ገልብጬ አደረቅኳት፣ እንደገና ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ሞከርኳት፣ ንጹሕ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ታች ደፍቼ፣ ሴንሰር ማጽጃ ሜኑ ውስጥ ገብቼ መስታወቱን ከፈትኩና ከታች ወደ ላይ ነፋሁ፣ ጫፏ ሴንሰሩን ሳይነካ። ዘጠኙ ጠፉ። የምራቁ አልጠፋም። እሱን በፈሳሽና በልዩ ማጽጃ ነው የሚያስለቅቁት፣ ለጊዜው ላፕቶፕ ላይ እያጠፋሁት እቀጥላለሁ።

ሐምሌ፣ 9ኛ እና 10ኛ ሳምንት

ዝናብ። ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ እንዳይገባ ሰግቻለሁ። ጫማ መሸጫ ቤቶች ዞሬ ከካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ የወረቀት ከረጢት ለመንኳቸው፣ አሥራ አምስት ሰጡኝ፣ ነጻ። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከካሜራው ጋር አስቀምጣቸዋለሁ። እርጥበት ሲጠጡ እናቴ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ በሞቀው አክምባሎ ላይ ዘርግቼ አደርቃቸዋለሁ። ምጣዱ ላይ ራሱ አይሆንም፣ ወረቀቱ ይቃጠላል።

11ኛ ሳምንት

የዛሬውን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ቁጥር 2 ላይ ቆሜ፣ ፎቶዋን በእጄ ይዤ፣ ከሚናሬቱ ጋር እያስተካከልኩ ነው። ባለ ማሳው መጡ። እድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ነጭ ኮፍያ፣ በእጃቸው የማሽላ ቅጠል ታቅፈዋል። በዚህ ወር ማሽላው ይሳሳል፣ የተነቀለውም የተገነጠለውም ቅጠል ለሚደልበው ሰንጋ ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ ዝም ብለው እጄን አዩ።

«ቀይ መስመሩ ምንድነው?» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር፣ ወዲያው ገባኝ። በእጄ የያዝኩት የማሳቸው ፎቶ ነው። ላዩ ላይ በቀይ መስመር ተሸንሽኗል። እኔ ደግሞ ለአሥራ አንድ ሳምንት በየእሑዱ ሦስት እግር ያለው ዕቃ ተክዬ፣ ወዲያና ወዲህ እየተራመድኩ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሳነጣጥር አይተውኛል። ከተማ በሚሰፋበት አገር ይህ ምን እንደሚመስል ማንም ያውቃል። እሳቸው ሁለት ወር ሙሉ መሬቴ እየተለካ ነው ብለው አስበዋል። ለልጆቻቸውም ነግረዋል። ሌሊት እንቅልፍ አጥተውበታል።

በጣም አፈርኩ። አሥራ አንድ ሳምንት ስመላለስ ያነሳሁት ማሳ ባለቤት ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሾላዋን አውቃታለሁ፣ የዋንዛውን ግንድ ውፍረት አውቃለሁ፣ ሰውየውን አላውቃቸውም።

በምችለው ኦሮምኛና በአማርኛ እያደባለቅኩ አስረዳኋቸው። ካሜራውን ከፍቼ ካርዱ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ከ1ኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ቶሎ ቶሎ ሳልፍ እጄን ያዙና «ቀስ በል ልጄ» አሉኝ። እኔ ያላየሁትን ያያሉ። አንዱ ፎቶ ላይ «እዚህ ጋ ዝናቡ ዘገየ፣ ቅጠሉን ተመልከት፣ ተጠቅልሏል» አሉ። ሌላው ላይ ጥግ ላይ ያለችን ነጭ ነጥብ አሳይተው «ይቺ የጎረቤት ፍየል ናት፣ ያን ቀን ገብታ በልታብናለች» አሉ። ለእኔ ሰባተኛ ሳምንት የነበረው ለእሳቸው ፍየል የገባችበት ቀን ነው።

«ኦቦ፣ መስመር የሌለው አሳትሜ አመጣለሁ» አልኳቸው። «አምጣ» አሉ። ቀዩ መስመር ያለበትን ቤት ስገባ ቀደድኩት። አሁን የምይዘው ምንም ያልተሰመረበት ነው፣ ጠርዙ ላይ ብቻ በእርሳስ ትንንሽ ምልክት።

ነሐሴ፣ 14ኛ እስከ 16ኛ ሳምንት

ማሽላው በለጠኝ። የሐረርጌ ማሽላ ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ ቦታውን የመረጥኩት ማሽላው ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ። ጁገል የለም፣ ሚናሬት የለም፣ የዋንዛው አናት ብቻ ይታያል። ፎቶው በሙሉ አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ቦታውን ልቀይር አስቤ ነበር። ተውኩት። ከቀየርኩ አሥራ ሦስቱ ሳምንታት ይበላሻሉ። ማሳው ሰውን የሚሸፍንበት ወቅት አለ፣ እሱም ይመዝገብ። የማመሳከሪያውን ጥንድ ግን ማግኘት አልቻልኩም፣ ከእርከኑ ጠርዝ አራት ጫማ እየለካሁ በግምት ነው የቆምኩት። 15ኛው ሳምንት ከሁሉም የተሳሳተው ነው፣ ሲነባበር ያስታውቃል።

በ16ኛው ሳምንት ለሥራ ድሬዳዋ ወረድኩ፣ በዚያው ፎቶ ላሳትም። መንገድ ላይ ደንገጎ የሚባለው ቦታ ጭጋግ ስለነበረ መኪና አስቁሜ ጥቂት አነሳሁ፣ ያ መንገድ በክረምት እንደዚያ ሲሆን ዝም ብሎ ማለፍ ከባድ ነው። ስህተቱ የመጣው ድሬ ከደረስኩ በኋላ ነው። ብርዱን የጠገበ ካሜራ ከቦርሳ አውጥቼ ሙቀቱ ውስጥ ከፈትኩት፣ ሌንሱ ላብ በላብ ሆነ። ቦርሳውን ሳይከፍቱ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነበር የሚያስፈልገው። ለሃያ ደቂቃ እየጠበቅኩ በማኪያቶ አሳለፍኩት።

መስከረም 2017፣ 19ኛ ሳምንት

ሕትመቱ ሁለት ጊዜ ተበላሸ። አንደኛ፣ ትልቅ እንዲሆንላቸው ብዬ የባለ ማሳውን የቁም ፎቶ በ13×18 አዘዝኩ። የካሜራው ፎቶ 3 ለ 2 ነው፣ 10×15 ላይ ልክ ይገጥማል፣ 13×18 ላይ ግን ከላይና ከታች ይቆረጣል። የኮፍያቸው አናት ሄደ። ለሰው እንዲህ ያለ ፎቶ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ የፎቶ ቤቱ ማተሚያ ማሽን በራሱ «አስተካክሎ» ቀዩን አፈር ሮዝ አድርጎታል። እንደገና ሲታተም ኦቶ ኮሬክሽኑን አጥፉልኝ አልኩ፣ ሰውየው ግር ብሎት አጠፋው፣ ትክክለኛው ቀለም ወጣ። ዋጋውም 25 የነበረው 35 ገብቷል። ከሐምሌው የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ሁሉም ጨመረ። በሰኔ 1,600 ብር ብለውኝ የተውኩትን ባትሪ ዛሬ 2,400 ሰጥቼ ገዛሁ።

ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1883 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሐረር ሆኖ ካሜራ አስመጥቶ ራሱን አንስቶ ነበር። ለቤተሰቦቹ ሲጽፍ ፎቶዎቹ የነጡት ባጠበባቸው መጥፎ ውሃ እንደሆነ ነግሯቸዋል። የምንዛሪ ጭማሪ ሲያናድደኝ እሱ ኬሚካሉንና መስታወቱን በግመል ሲያመላልስ አስባለሁ።

እኒያ አባት ፎቷቸውን ሲቀበሉ ብዙ አልተናገሩም። በኮታቸው ጫፍ አበሱት፣ አገላብጠው ጀርባውንም አዩት። ከዚያ ሚስታቸውን ጠሩ።

ሌላ የቁም ፎቶ ለምታነሱ፦ ነጭ ኮፍያና ጠይም ፊት አንድ ላይ ካሜራውን ያሳስተዋል። ፀሐይ ከኋላ ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል። ሾላ ጥላ ሥር አስቁሞ፣ ፊታቸው ወደ ክፍቱ ሰማይ እንዲዞር ማድረግ፣ ብርሃኑን በ1 ስቶፕ (በእጥፍ) መጨመር፣ ኮፍያው ትንሽ ቢነጣ አይጎዳም።

ጥቅምት፣ 24ኛ ሳምንት

ማሽላው አፍርቷል፣ ወፍ መጥቷል። ማሳው መሀል ላይ ማማ ተሠርቷል፣ ከእንጨት፣ ከአንድ ሰው ቁመት ይበልጣል። የባለ ማሳው የልጅ ልጅ ከንጋት ጀምሮ እዚያ ላይ ነው፣ ወንጭፍ ይዞ። ወንጭፉ ከቃጫ የተገመደ ነው፣ መሀሉ ላይ የጭቃ እንክብል የሚቀመጥበት ሰፋ ያለ ማረፊያ አለው። ሁለት ጊዜ አናቱ ላይ ያዞረዋል፣ አንዱን ጫፍ ሲለቀው እንደ ጅራፍ ይጮኻል። መንጋው ባንዴ ይነሳል፣ እንደ ጨርቅ ተርገፍግፎ ሌላ ሰው ማሳ ላይ ያርፋል፣ ከዚያም ሌላ ወንጭፍ ይጮኻል።

በ1/125 ያነሳሁት ወንጭፍ አይታይም፣ ጠፍቷል። በ1/1000 ገመዱ አየር ላይ ቆመ፣ ግን ምንም አይንቀሳቀስም፣ የሞተ ፎቶ ነው። 1/250 ላይ ፊቱ ጥርት ብሎ ገመዱ ክብ ሠራ። አርባ ጊዜ ነው የሞከርኩት፣ ልጁ አልሰለቸውም።

ከዚያ ራሱ «ውጣ» አለኝ። ማማው ላይ ወጣሁ። ጁገል እዚያ ነበረች! ለአሥር ሳምንት ያላየኋት፣ ከማሽላው ራስ በላይ፣ ሚናሬቶቹ፣ ጭሱ፣ ሁሉም። ቦታው ከቁጥር 2 የተለየ ስለሆነ ከተከታታዩ ጋር አይገባም። ቁጥር 2ለ ብዬ ሌላ ፎልደር ከፈትኩ።

ኅዳር፣ 29ኛ ሳምንት

አጨዳ ተጀምሯል። እዚህ ላይ ያጠፋሁት ነገር፦ ካርዱ ሞልቶ ሜዳ ላይ ፎቶ ማጥፋት ጀመርኩ፣ በፀሐይ ስክሪኑ አይታይም፣ የቁጥር 3ን የዕለቱን ፎቶ አብሬ አጠፋሁት። ካርዱን ሳልነካ ቤት ብገባ በሪከቨሪ ፕሮግራም ሊመለስ ይችል ነበር፣ እኔ ግን ላዩ ላይ ማንሳት ቀጠልኩ። ጠፋ። አሁን እሑድ ማታ ሁልጊዜ ላፕቶፕና ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ፣ ከፍቼ አይቼ፣ ከዚያ ነው ካርዱን የማጸዳው።

ታኅሣሥ፣ 32ኛ ሳምንት

ማሳው ባዶ ነው። አገዳው ተከምሯል፣ ቅጠሉ ለከብት ሄዷል። ፀሐይ ከኋላዬ ከቀኝ ነው የወጣችው፣ በሰኔ ያስቸገረችኝ የፊት ብርሃን የለም፣ ጁገል ከነ ግንቧ በርታለች። ባርኔጣዬን አናቴ ላይ አደረግኩ።

እርከኑ ጫፍ ስደርስ መሬት ውስጥ የተቀበረ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘሁ። አዲስ ነው። እኒያ አባት ናቸው ያስቀመጡት፣ «እዚህ ነው የምትቆመው» አሉኝ። ትራይፖዱን ላዩ ላይ ተከልኩ። ፎቶዋን ከኪሴ አውጥቼ አመሳከርኩ። ሚናሬቱ ከዋንዛው ግንድ በስተግራ ጣት ታህል ወጥቷል።

«ትንሽ ወደ ቀኝ ነው ኦቦ» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን መንቀል ጀመሩ፣ እኔም በዚያኛው በኩል ያዝኩላቸው።